የመስቀል ወፍ በጥር

"ቆሽቴ አረረ" ይላል ሰው፣ ነገር ሲበዛበት፣
ወንድሙ መሬት ሲቀማው፣ ዕቁብ ሲዘገይበት፤
እኔ ግን ሳልቆጣ፣ ማንም ሳያስቀይመኝ፣
በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ቆሽቴ አረረብኝ።
ሐኪሟ በእስክሪፕቶ፣ በካርዴ ጀርባ ላይ፣
ከጨጓራ ሥር የተጋደመ ምላስ ሣለችና፣ "ታያለህ ወይ?
ይኸ ነው። ደክሞታል" አለች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት መርፌ፣ ማታ መርፌ።
ፍሪጅ አልገዛሁም፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ይበቃል፣
በኅዳር ግን ውርጩ ብልቃጡን እንዳያጠጥረው
ሌሊት ከብብቴ ሥር አሳድረዋለሁ፣
እንቁላል እንደታቀፈ።

ሥራ ያገኘሁት ከእታፈራሁ ነው።
በሬሳ ወንዝ ዳር፣ ከገብሱ ማሳ ጫፍ፣
መረብ ትዘረጋለች፣ ሳይነጋ፣ ሳይነቃ ወፍ።
እኔ ያዥ ነኝ፣ የቀን አበል አለኝ።
"አንገቱ በሁለት ጣትህ መሐል። አትጨብጠው፣
ደረቱ ካልተነፋ አይተነፍስም።"

በነሐሴ የያዝነው ጥቁር ነበር፣
ወገቡ ላይ አደይ የፈነዳበት፣ ትከሻው ላይም ጥቂት።
የመስቀል ወፍ። ታላቅ እህቴ ተዋበች
ከጣርማ በር ማዶ፣ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት፣
በደወለች ቁጥር የምትሰድበኝ ስም፦
"አንተ የመስቀል ወፍ! በዓመት አንዴ ብቅ፣ ከዚያ የለህም።"

እታፈራሁ ከክንፉ ሥር ያለችውን ቀጭን ሥር ነካች፣
አንዲት ጠብታ የሰናፍጭ ፍሬ አክላ ወጣች።
ማሽኗ የኔው ዓይነት ናት፣ ወረቀቱም ያው ወረቀት።
አምስት ሴኮንድ ቆጠረች፤
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።

"ሊሞት ነው!" አልኩ። እኔ በሦስት መቶ አሥራ ሁለት
ምላሴ እንጨት ሆኖ፣ ዓይኔን ጉም ጋርዶት፣
ወንበር ጨብጬ ነው የቆምኩት።
ሳቀች። "ለሱ ጤናው ነው።
ደሙ ባይጣፍጥ ክንፉን በምን ያነሣዋል?
የሱ ቆሽት ስኳር ከሚያስገባው ሆርሞን ይልቅ
ከጎተራ ለሚያወጣው ያደላል።
ያውም ሒሳቡ ክረምትና በጋ አንድ መሆኑን እንጃ፤
እሱን ነው የምፈልገው።"

ቀን እዚህ አገር እምብዛም አይረዝም፣ አያጥርም፤
ዝናብ ነው ደብዳቤው።
ሣሩ ሲያጎነቁል፣ ከአንጎሉ ሥር ካለች እጢ
ትእዛዝ ይወርዳል በደም፣
ቡናማው ላባ ይረግፋል፣ ጥቁሩ ይበቅላል፣
ከሆዱ ውስጥ ጤፍ የምታህል ፍሬ አተር ታክላለች፣
ዝምተኛውም ያንቋርራል።

በጥር ተመለስን። ውርጩ ሣሩን መስታወት አልብሶታል።
መረቡ ላይ አንድ ቡናማ ነገር ተንጠልጥሏል።
ድንቢጥ ነው ብዬ ልለቀው ስል፣
"ቆይ፣ እግሩን እየው።"
ቀለበት። ቁጥሩን ሁለቴ አነበብኩ።
የነሐሴው ነው።

የት ሄዶ ነበር? የትም።
ገብሱ ታጭዶ፣ አውድማው ተጠርጎ፣
ከድንቢጥ ጋር ገለባ ሥር ሲለቅም ነበር፣
አገር ሙሉ "ሄደ" ሲለው፣
እኔም በየቀኑ አጠገቡ እያለፍኩ ዳቦ ቤት ስሄድ።

ስኳሩ ሁለት መቶ ስልሳ አንድ።
"ለምን ወረደ?"
"አላውቅም" አለች እየጻፈች። "አንድ ወፍ ምን ይነግረኛል?
ሠላሳ ያስፈልገኛል።"
ጣቴን ከፈትኩ። ልቡ መዳፌ ላይ ትንሽ ቆየች፣
እሱ ከሄደ በኋላ።
ከመንጋው ገባ፤ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

እኔም የራሴን ለካሁ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ።
መቶ አርባ። ማንም አላጨበጨበም።
ማታ በእታፈራሁ ስልክ ደወልኩ።
"ማን ልበል?" አለች ተዋበች።
"የመስቀል ወፍ።"
ትንሽ ዝም አለች።
"በጥር?"